ከአሞራ ገደል እስከ ላብራቶሪ፦ ስለ ጦጣና የአንጎል ምርምር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼን ይዤ ሀዋሳ አሞራ ገደል በወጣሁ ቁጥር እነዚህ ጥያቄዎች አይቀሩልኝም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ላብራቶሪ የሚገቡት እነዚህ የሐይቁ ዳር ጦጣዎች ናቸው?

አይደሉም። ሙዙን ከእጃችሁ ነጥቃ ዛፍ ላይ የምትወጣው ጦጣ ናት። ጥቁርና ነጭ ለብሶ፣ ረጅም ጭራውን አንጠልጥሎ ከላይ የሚታዘባችሁ ደግሞ ጉሬዛ ነው። በአንጎል ምርምር በብዛት የሚሠራበት ግን ሪሰስ ማካክ የሚባል የእስያ ዝርያ ነው። አገሩ ሕንድ፣ ቻይናና አካባቢው ነው። ባለ ረጅም ጭራው ማካክም አለ፤ እሱ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ሦስተኛዋ ማርሞሴት ናት፤ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማትሞላ የብራዚል ሚጢጢ። እዚህ ላይ ለመቅለል ሁሉንም «ጦጣ» እላለሁ። ሳይንሱ እኛንም ጨምሮ ወገኑን ሁሉ ፕራይሜት ይለዋል።

ቢሆንም የእኛዋ ጦጣ ከነገሩ ጨርሳ የለችበትም ማለት አይደለም። የቅርብ ዘመዶቿ ከምዕራብ አፍሪካ በመርከብ ተጭነው ካሪቢያን ውስጥ ሴንት ኪትስ የምትባል ደሴት ገቡ። እዚያም ተራቡ። ዛሬ ፓርኪንሰን ለሚባለው የሚያንቀጠቅጥና የሚያደርቅ የአንጎል በሽታ ምርምር ይውላሉ። በ1962 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ከዚሁ ወገን ከአንዷ ጦጣ ኩላሊት ህዋሳት ተወሰዱ። ቬሮ ይባላሉ። እነሱ እስከ ዛሬ በብልቃጥ ውስጥ ይራባሉ፤ የእብድ ውሻ በሽታና የፖሊዮ ክትባት ይመረትባቸዋል። ውሻ ነክሶት ተከትቦ የዳነ ጎረቤት ካላችሁ፣ ምናልባት አንዲት ጦጣ ባለውለታው ናት።

አይጥ አይበቃም እንዴ?

ለብዙው ነገር ይበቃል። የአንጎል ምርምር ከሚደረግባቸው እንስሳት እጅግ የሚበዙት አይጦች ናቸው። ግን አይጥ ላይ የማይገኝ ነገር አለ። ዓይንን እንውሰድ። ይህን ፊደል አሁን የምታነቡት ከዓይናችሁ በስተጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ቦታ ነው፤ ጥርት አድርጋ የምታሳየው እሷ ናት። ጦጣ አላት፤ አይጥ የላትም። አይጥ ዓለሟን የምታውቀው በጢሟና በአፍንጫዋ ነው። እጅም እንዲሁ ነው። አሞራ ገደል ጦጣ ለውዝ ስትፈለፍል ጣቶቿን ልብ ብላችሁ እዩ። የእናታችሁን ምስር ለቀማ ያስታውሳችኋል።

ቁጥሩም አለ። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ህዋሳት አሉት። የሪሰስ ማካክ ወደ 6.4 ቢሊዮን ይጠጋል። የአይጥ 70 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከቁጥሩ በላይ ግን አሠራሩ ነው። ነገን የምናቅድበትና ራሳችንን የምንገዛበት ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል፣ ጦጣ ላይ ከእኛው ጋር በሚቀራረብ መልኩ ይገኛል። ጣጣውም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ለምርምር የተፈለገችው ስለምትመስለን ነው። ልባችንን የሚከብደውም ስለምትመስለን ነው።

ጦጣዋ ላይ ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው ጭንቅላቷ ተከፍቶ እዚያው የምትሞት ይመስለዋል። የተለመደው ሥራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለወራት ትሠለጥናለች። ከቤቷ ወጥታ ልዩ ወንበር ላይ መቀመጥ ትማራለች። ስክሪን ላይ የምትበራ ነጥብ በዓይኗ መከተል፣ ምስል ከምስል መለየት ትለምዳለች። በትክክል ስትመልስ ጠብታ ጁስ አፏ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በሙሉ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። የራስ ቅሏ ላይ ጭንቅላቷን የሚያጸና ዘንግና አንዲት ትንሽ መስኮት ይተከላሉ። በመስኮቷ በኩል ቀጭን ሽቦ፣ ማለትም ኤሌክትሮድ ይገባል። ጦጣዋ ነቅታ ሥራዋን ስትሠራ የህዋሶቿ ምልክት ይቀዳል።

ይህ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። በመጨረሻ ብዙዎቹ በመድኃኒት እንዲሞቱ ተደርጎ አንጎላቸው ይመረመራል። ጥቂቶች ጡረታ ይወጣሉ። ከዚህ የከበደም አለ። ሆን ተብሎ መርዝ ተሰጥቷቸው ፓርኪንሰን የሚመስል በሽታ እንዲይዛቸው የሚደረጉ አሉ። ምርምሩን የሚደግፉ ሰዎች ይህን ክፍል ሲዘልሉት አይቻለሁ። እኔ አልዘለውም።

ታዲያ አያማትም?

አንጎል ራሱ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም። ሰውም ቢሆን ነቅቶ እያወራ አንጎሉን የሚቀደድበት ሕክምና አለ። ስለዚህ ሽቦው ሲገባ አያምም። ግን «አያማትም» ብሎ እዚህ ላይ ማቆም ማጭበርበር ነው። ቆዳና አጥንት ያማል። ቁስል ያመረቅዛል። ጭንቅላቷ ተይዞ ለሰዓታት መቀመጥም ቀላል አይደለም።

በጣም የሚያከራክረው ውኃው ነው። ለጁስ ብላ እንድትሠራ፣ በብዙ ላብራቶሪ በሥራ ቀን የምትጠጣው ይመጠናል። ተመራማሪዎቹ ክብደቷን እየመዘንን፣ ጤናዋን እየተከታተልን ስለሆነ አትጎዳም ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ የጠማት እንስሳ ወዳ ትሠራለች አይባልም ይላሉ። በዚህ ነጥብ ላይ እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ።

ሌላው ብቸኝነት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረድ ሲል አሞራ ገደል አንዷ የሌላዋን ፀጉር ስትቀምል ታያላችሁ። ሥራ ፈትታ አይደለም፤ ኑሮዋ ነው። እንዲህ ያለችን እንስሳ ብቻዋን ጠባብ ቤት ውስጥ ማኖር ከሽቦው የባሰ ሊጎዳት ይችላል። ደህና ላብራቶሪዎች በጥንድና በቡድን የሚያኖሩት ለዚህ ነው።

እውነት ለሰው የጠቀመ ነገር አለ?

ሰፈራችን አንድ አባት አሉ። ቡና ሲቀርብላቸው ሲኒውን በሁለት እጅ ይይዙታል፤ እንደዚያም ሆኖ ይደፋባቸዋል። ፓርኪንሰን ነው። የሚወስዱት ክኒን ውስጥ ሌቮዶፓ አለ። እሱ ግን የጦጣ ውለታ አይደለም። መንገዱ የተከፈተው በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በመድኃኒት ፍዝዝ ያሉ ጥንቸሎችን በዶፓ ሲያነቃቸው ነው። ይህን የማነሳው ሁሉን ነገር ለጦጣ የሚያሸክሙ ሰዎች ስላሉ ነው።

የጦጣ ድርሻ ቀጥሎ ይመጣል። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች ባንዴ እንደ ጃጀ ሰው ደርቀው ሆስፒታል ገቡ። የተወጉት በጓዳ የተሠራ ሐሰተኛ ሄሮይን ነበር። ውስጡ ኤምፒቲፒ የሚባል መርዝ ተገኘ። መርዙ ጦጣ ላይ ያንኑ በሽታ አመጣ፤ ትልልቆቹን የላብራቶሪ አይጦች ግን ብዙም አልነካቸውም። ማህሎን ዴሎንግና ባልደረቦቹ በታመሙት ጦጣዎች አንጎል ውስጥ ከባቄላ የምታንስ አንዲት ክፍል ከልክ በላይ እንደምትጮህ አዩ። በ1990 እሷን ዝም ሲያሰኟት ደርቀው የነበሩት ጦጣዎች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ፈረንሳይ ውስጥ አሊም ሉዊ ቤናቢድ ቀድሞውኑ የሰው አንጎል ውስጥ ሽቦ አስገብቶ በኤሌክትሪክ መንቀጥቀጥ ማቆም ጀምሮ ነበር። የጦጣዎቹ ውጤት ሽቦውን የት ማሳረፍ እንዳለበት ጠቆመው። ዴሎንግና ቤናቢድ በ2014 ላስከር የሚባለውን የሕክምና ምርምር ሽልማት ተጋሩ። ሕክምናው ዛሬ ከ100,000 በላይ ሰዎች ጋ ደርሷል።

የእኛ ሰፈሩ አባት ከነዚያ አንዱ አይደሉም። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ስለ ሥነ ምግባር ሲወራ ይህ ጎን ሁሌ ይረሳል፦ ጦጣዋ የከፈለችው ለሰው ልጅ ነው ይባላል፤ የሚደርሰው ግን ለአንዳንዱ ሰው ልጅ ነው።

የዓይን ሐኪሙ የልጄን ደህናውን ዓይን ሸፈነው። ይህን ከጦጣ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ ነገር። ዴቪድ ሂዩብልና ቶርስተን ዊዝል መጀመሪያ በድመት ግልገሎች፣ ቀጥሎ በጦጣ ግልገሎች ላይ ሠሩ። የአንዱን ዓይን ቆብ ለተወሰነ ጊዜ ሰፉት። ሲከፈት ዓይኑ ጤነኛ ነበር፤ አንጎሉ ግን ከዚያ ዓይን የሚመጣውን መቀበል ትቷል። ትልቅ እንስሳ ላይ ያው ነገር ቢደረግ ጉዳት የለም። አንጎል ማየትን የሚማርበት ጊዜ አለው፤ ያ ካለፈ መመለሱ ይከብዳል። በ1981 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ሐኪሙ ደህናውን ዓይን የሚሸፍነው ሰነፉ ተገዶ እንዲሠራ ነው። የዓይን ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን ቶሎ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት የሚቸኮለውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ልጃችሁ ሸውራራ ከሆነ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚላችሁን አትስሙ። አሁኑኑ አሳዩት። የግልገሏ ዓይን መሰፋት ለማንበብ እንኳ ያማል። ግን ካወቅን ወዲያ ባለመጠቀም የምንክሳት ነገር የለም።

ኢሎን መስክ ጦጣዎች ገደለ የሚባለው እውነት ነው?

ይህን ልጆቹ ናቸው የሚጠይቁኝ፤ ቲክቶክ ላይ አይተው። ኒውራሊንክ የሚባለው ድርጅቱ ሽባ የሆነ ሰው በሐሳቡ ኮምፒዩተር የሚያዝበትን መሣሪያ ይሠራል። በ2021 አንድ ጦጣ እጁን ሳያነቃንቅ የኮምፒዩተር ጌም ሲጫወት አሳየ። በ2022 የመብት ተሟጋቾች ክስ ሲያቀርቡ፣ ድርጅቱ አንዳንድ ጦጣዎች እንዲሞቱ መደረጉን አመነ። ምክንያት ካላቸው ውስጥ ከመሣሪያው ጋር የተያያዘ ኢንፌክሽንና በቀዶ ሕክምና ወቅት የደረሰ ችግር ይገኙበታል። መስክ ኋላ ላይ በመሣሪያው የሞተ ጦጣ የለም ብሏል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፍረዱ።

ሐሳቡ ግን የመስክ አይደለም። ከሱ በፊት በ2008 ፒትስበርግ ውስጥ ጦጣዎች በሐሳባቸው የሮቦት ክንድ እያዘዙ ምግብ ወደ አፋቸው ወሰዱ። በ2012 በስትሮክ 15 ዓመት ያህል እጅ እግሯ የማይታዘዝ አንዲት ሴት በዚያው መንገድ የሮቦት ክንድ አዝዛ ቡናዋን ጠጣች። በራሷ ፈቃድ፣ ሌላ ሰው ሳያጠጣት። ቡና ለሚወድ አገር ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ኤአይ ባለበት ዘመን አሁንም እንስሳ?

ኮምፒዩተር የሚያውቀው የነገሩትን ነው። አንጎል እንዴት እንደሚሠራ ገና ስለማናውቅ ነው የምንመረምረው። የማናውቀውን ደግሞ ኮምፒዩተሩ ውስጥ መጻፍ አንችልም። በ2013 ቪየና ውስጥ ከሰው ህዋስ ተነስተው በብልቃጥ የአንጎል ቁራጭ አሳደጉ። ግሩም ነው፤ ግን ምስር የምታክል ነገር ናት። ዓይን የላት፣ እጅ የላት፣ አትራብ፣ አትፈራ።

ሰው ራሱስ? በኤምአርአይ እየታየ ይሠራል። ችግሩ ማሽኑ የሚያየው የደም ፍሰትን እንጂ የህዋሱን ንግግር አለመሆኑ ነው። ደሙ የህዋሱን ሥራ እንደሚከተል በቀጥታ የታየው እንኳ በ2001 ኒኮስ ሎጎቴቲስና ባልደረቦቹ ጦጣ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ለክተው ነው። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ለሕክምናቸው ሽቦ ሲገባላቸው፣ ፈቅደው ለምርምርም የሚተባበሩ አሉ። ይህ እየበዛ ነው፤ የጦጣን ድርሻም ይቀንሳል። ጨርሶ አይተካም። ለጊዜው።

ቺምፓንዚ ላይስ ይሠራል?

ቀርቷል ማለት ይቻላል። እንግሊዝ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈቃድ መስጠት አቆመች። ኒውዚላንድ በ1999 በሕግ ገደበች። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ከለከለ፤ ለክፉ ቀን ብቻ አንዲት ጠባብ በር ትቷል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም በ2015 የመጨረሻዎቹን ቺምፓንዚዎቹን ጡረታ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ሉዊዚያና ውስጥ ለነሱ የተዘጋጀ መጦሪያ ጫካ አለ።

ስንት ጦጣ ነው ለምርምር የሚውለው?

አሜሪካ ውስጥ በዓመት ወደ 70,000 ይጠጋል። ከአይጡ ብዛት ጋር ሲተያይ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። አብዛኞቹም ለአንጎል ምርምር አይደሉም፤ የአዲስ መድኃኒትና ክትባት ደህንነት የሚፈተንባቸው ናቸው።

ከኢትዮጵያ ጦጣ ይወሰዳል?

የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም ማውጣትም ወንጀል ነው። ኢትዮጵያ ከ1989 ጀምሮ የዱር እንስሳት ንግድን የሚገድበው የሳይተስ ስምምነት አባል ናት። ስምምነቱ የጦጣን ወገን በሙሉ ይሸፍናል። ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሕንድ በአንድ ወቅት ሪሰስ ማካክን በገፍ ትልክ ነበር። ለወታደራዊ የጨረር ሙከራ መዋሉ ሲሰማ ቁጣ ተነሳ፤ በ1978 ጨርሳ ከለከለች። ዋናው የላብራቶሪ እርባታ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ባለ ረጅም ጭራው ማካክ ግን ዛሬም ከዱር ይታፈሳል፤ በ2022 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ገብቷል።

የእኛ አገር ስም በዚህ ሙያ የሚነሳው በሌላ ነው፤ እዚያው በኖሩበት በማጥናት። በ1960ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር ኤረር ጎታ ላይ ነጭ ጎፈር ያላቸውን ዝንጀሮዎች ከንጋት እስከ ምሽት በእግሩ ተከተለ። ከአዳማ አልፎ አዋሽ ፓርክ ውስጥ ሁለት የዝንጀሮ ዝርያዎች ተገናኝተው ይዳቀላሉ፤ ለአሥርተ ዓመታት ተጠንቷል። ጭላዳ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም በዱር አይገኝም። የአንጎልን ጥያቄ ሁሉ እንዲህ መመለስ አይቻልም። ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ ማን አስታረቀ የሚለውን ግን ከወንበር ላይ ይልቅ ከገደል ላይ ማየት ይሻላል።

አሞራ ገደል ምግብ ብሰጣቸው በሽታ ይይዘኛል?

በእጃችሁ አትስጡ። ከነከሰቻችሁ በውኃና በሳሙና ደጋግማችሁ ታጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጭምር። በ1967 ማርቡርግ በተባለችው የጀርመን ከተማና በሌሎች ሁለት ከተሞች ከኡጋንዳ በመጡ ጦጣዎች ምክንያት 31 ሰዎች ታመው 7ቱ ሞተዋል። የማርቡርግ ቫይረስ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እሷም ከእናንተ ጉንፋን ትወስዳለች። መመሳሰል እዚህም አለ።

ማን ይቆጣጠራቸዋል?

በ1959 ሁለት እንግሊዛውያን፣ ረስልና በርች፣ ሦስት ነገር ጠየቁ። ያለ እንስሳ ከተቻለ ተዉት። ካልተቻለ ቁጥሩን ቀንሱ። የቀረውም ስቃዩ እንዲያንስ አድርጉ። ዛሬ በደህና አገር የእንስሳ ምርምርን የሚያጸድቅ ኮሚቴ ሁሉ በዚህ ይመዝናል።

ሕጉ ግን በመልካም ፈቃድ ብቻ አልመጣም። በ1981 አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ በተባለ ቦታ ኤድዋርድ ታውብ የሚባል ተመራማሪ ከጦጣዎች ክንድ ስሜት የሚያመጣውን ነርቭ ቆርጦ ያጠና ነበር። አሌክስ ፓቼኮ የሚባል ወጣት የእንስሳት መብት ተሟጋች ዓላማውን ደብቆ በረዳትነት ገባ። የቆሸሸ ቤት፣ ያልታከመ ቁስል ፎቶ አነሳ። ፖሊስ ገብቶ 17 ጦጣ ወሰደ። ታውብ ተፈረደበት፤ በይግባኝ ተሻረለት። በ1985 የአሜሪካ ሕግ ተሻሻለ፤ ኮሚቴ ግዴታ ሆነ፤ የጦጣዎች የአእምሮ ደህንነትም ሕግ ውስጥ ገባ።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ፤ ለመፍረድ ይቀል ነበር። በ1991 ከነዚያው ጦጣዎች የአንዳንዶቹ አንጎል ሲታይ፣ የክንዱን ቦታ የፊት ስሜት ወርሶት ተገኘ። የጎልማሳ አንጎል ይህን ያህል ይቀየራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ታውብ ራሱም ጤነኛውን እጅ አስሮ የሰነፈውን የማሠራት ሕክምና ፈጠረ። ዛሬ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች እጅ በዚያ ይመለሳል። ተማሪዎቼ «ታዲያ ጥፋተኛ ነው ወይስ ባለውለታ?» ይላሉ። ሁለቱንም ነው። ያንን ግኝት ለማግኘት ቤቱ መቆሸሽ አልነበረበትም።

በከንቱ የተሠቃዩስ የሉም?

አሉ። በ2011 የእንግሊዝ ገንዘብ ሰጪ ተቋማት ራሳቸው ያሠሩት ግምገማ ነበር፤ መሪው ፓትሪክ ቤትሰን ነው። አብዛኛው ምርምር ጥሩ ሆኖ አገኘው። ከአሥሩ አንድ የሚጠጋው ግን ግልጽ ጥቅም አልታየበትም። ለእኔ ያ ትንሽ አይደለም።

ሃሪ ሃርሎው የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪም አለ። በ1950ዎቹ የጦጣ ግልገሎችን ከእናታቸው ለይቶ ሁለት አሻንጉሊት እናት ሰጣቸው፦ ወተት ያላትን የሽቦ እናትና ወተት የሌላትን የጨርቅ እናት። ግልገሎቹ የሙጥኝ ያሉት የጨርቋን ነው። ሀዋሳ ያለች የትኛዋም እናት ይህን ሳትጠየቅ ትነግረው ነበር። ግን በዘመኑ የነበሩ ፈረንጅ ሊቃውንት ሕፃን እናቱን የሚወደው ስለምታጠባው ብቻ ነው ይሉ ነበር፤ ለነሱ ትምህርት ሆነ እንበል። ከዚያ በኋላ ግልገሎችን ለወራት ብቻቸውን ዘግቶ ያበደ እንስሳ ያወጣበትን ሥራ ግን ምንም ብዬ አልከላከልለትም።

በሃይማኖት እንዴት ይታያል?

ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሰው በእንስሳት ላይ ሥልጣን እንዳለው ያስተምራሉ። ሁለቱም ጭካኔን ያወግዛሉ። ስለ ኤሌክትሮድ የጻፈ አባት ግን አላገኘሁም። ስለዚህ የምትጠይቁት «ይፈቀዳል ወይ» ከሆነ የነፍስ አባታችሁን ወይም ሼኹን ጠይቁ፤ እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ።

አንድ አገር ቢከለክል ሌላ አገር አይሄዱም?

ይሄዳሉ። በ2014 ሎጎቴቲስ ጀርመን ውስጥ ይመራው የነበረው ላብራቶሪ በድብቅ ተቀርጾ በቴሌቪዥን ታየ። ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሳ። ጦጣ ላይ መሥራቱን እንደሚያቆም ተናገረ። በ2020 ወደ ቻይና፣ ወደ ሻንጋይ እንደሚሄድ ተሰማ። ሻንጋይ በ2018 ዦንግ ዦንግና ኋ ኋ የተባሉ ጦጣዎች በክሎኒንግ፣ ማለትም በግልባጭ፣ መወለዳቸው የተነገረባት ከተማ ናት። በቀጣዩ ዓመት እንቅልፍ የሚያዛባ የዘር ለውጥ ያለበት አንድ ጦጣ በአምስት ግልባጭ ተወለደ። ታመው እንዲወለዱ የተደረጉ ናቸው።

ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ አትከልክሉ» የሚሉ አሉ። ጎረቤቴ ቆሻሻውን መንገድ ላይ ስለሚደፋ እኔም ልድፋ እንደማለት ነው። ግን አንድ እውነት አላቸው። ጩኸቱ ባለበት ቦታ ቢያንስ የሚያይ ዓይን አለ።

አእምሮዋ ከጨቅላ ሕፃን ካልተናነሰ፣ ሕፃኑ ላይ የማይደረገው እሷ ላይ ለምን ይደረጋል?

ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄ ይህ ነው። አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ፒተር ሲንገር ለዓመታት ያነሳው ነው። «ሰው ስለሆነ» ማለት ለሱ መልስ አይደለም፤ «የኔ ዘር ስለሆነ» ከማለት አይለይም ይላል። በ2006 ቲፑ አዚዝ ከሚባለው የኦክስፎርድ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ጋር ተገናኙ። አዚዝ የፓርኪንሰኑን ሥራ ጦጣ ላይ ከሠሩት አንዱ ነው። መቶ ያህል ጦጣ ሞቶ ወደ 40,000 ሰው ተጠቅሟል አለው። ሲንገር ነገሩ እንዲያ ከሆነ፣ ሌላ መንገድም ካልነበረ፣ ተገቢ ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ። ጋዜጦች ጉድ አሉ። እሱ ግን መለኪያዬ አልተቀየረም አለ፦ በተመሳሳይ የአእምሮ ደረጃ ባለ ሰው ላይ ታደርጉት ነበር ወይ?

እኔ አላደርገውም። ስለዚህ በሱ መለኪያ ወድቄያለሁ። ሆኖም የሰፈራችንን አባት ሲኒ ሳይ መቶዎቹ ጦጣዎች ባይኖሩ ኖሮ ለማለት አፌ አይደፍርም። እርስ በርሱ የሚጋጭ መልስ መሆኑን አውቃለሁ። የተሻለ ያለው ይምጣ፤ ቡና በእኔ ነው።

ሰው ካልፈቀደ አይሠራበትም። ጦጣዋስ ፈቅዳለች?

አልፈቀደችም። ሊነገራትም አይችልም። ማንም «ወዳ ነው» ቢላችሁ አትመኑት።

አንድ የሚቀራረብ ነገር ግን አይቻለሁ። ጀርመን ጎቲንገን ያለው የፕራይሜት ማዕከል ስክሪኑን ጦጣዎቹ የሚኖሩበት ቤት ውስጥ ነው የሚገጥመው። ወንበር የለም፣ የሚይዛት ዘንግ የለም። ደስ ካላት መጥታ ትነካለች፣ ጁሷን ትጠጣለች፣ ሲሰለቻት ጥላው ወደ ጓደኞቿ ትሄዳለች። ለሁሉም ዓይነት ጥናት አይሆንም። ህዋስ ለመቅዳት አሁንም ቀዶ ሕክምናው አይቀርም። ለክፍል ሳወራው አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ባትመጣስ፣ ቲቸር?»

ባትመጣ ያን ቀን ሥራ የለም።